ቦቢ በጥጃ ስም የገባ ጊዜ

ከሥራ ስገባ የረጠበ ውሻ ሽታ ከበር ሲቀበለኝ ድካሜ ይብስብኛል። የነቀምቴ ክረምት ረጅም ነው፤ የልጄ ውሻ ደግሞ ዝናብ ካላየ አይቦርቅም። ትናንት ልጄ ስልኳን እያሳየችኝ፣ "እማ፣ ውጭ አገር ለውሻ ኢንሹራንስ አለ። እዚህ ቢኖር ለኛ አቅም የሚሆነው የትኛው ነው?" አለችኝ። ልብስ ማጣጠፌን ቀጠልኩ። ለአቅማችን የሚሆነውንማ አባቴ ድሮ መርጦት ነበር።

ያኔ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ነቀምቴ አቅራቢያ ዲጋ ነበርን። አባቴ ከሸዋ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ "በርሲሳ" ይለው ነበር፣ መምህር ለማለት። አንዲት ላም ስለነበረችን የከብት እድር አባል ነበርን። የአንዱ በሬ ገደል ገብቶ ቢሰበር ይታረዳል፤ አባላቱ ሥጋውን ተከፋፍለው ይገዙታል፤ ባለቤቱም በዚያ ሌላ በሬ ይተካል። የታመመ ከብት ካለ ተረዳድተው ያሳክማሉ።

ውሻችን ቦቢ ከጅብ ጋር ተናንቆ የኋላ እግሩ የተዘነጠለው አንድ ክረምት ላይ ነው። ጅቡ የመጣው ወደ እኛ በረት እንኳ አልነበረም፤ ወደ ጎረቤታችን ወደ ባልቴቷ ጥጃ ነው። የእንስሳት ሐኪም ያለው ነቀምቴ፣ የአባቴ ደመወዝ ደግሞ ወር አያደርሰንም። እናቴ ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች፣ "ዓይናችን እያየ ሊሞት ነው" ትላለች። እኔ ጭንቅላቱን ታቅፌ አለቅሳለሁ። የቁስሉ ጠረን ቤቱን ሞልቶት ነበር።

እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ አባቴ ተነሥቶ፣ ቦቢ አባል ይሁንልኝ አለ። ሾላው ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የእድሩ ዳኛ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ያ በርሲሳ፣ ማሎ፣ እባክህ! በሬ ሲሞት ሥጋውን እንካፈላለን። ውሻህ ቢሞት ምን እንካፈል?" አሉት።

አባቴ አልሳቀም። ፊቱ ላይ የብዙ ቀን እንቅልፍ ማጣት ነበር።

"እስከ ዛሬ የተካፈላችሁትን ነዋ" አለ፤ "የሌሊት ጩኸቱን።"

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። ባልቴቷ ከኋላ፣ "ኦቦ ዳኛ፣ የኔን ጥጃ ያተረፈው እሱ አይደል? በጥጃ ስም ይግባ፣ በቃ!" ብለው ተቆጡ። ዳኛውም እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ቦቢ ጥጃ ሆነ።

በማግስቱ የእድሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት፤ አባቴ በጭነት መኪና ነቀምቴ ወሰደው። ሐኪሙ ግን፣ ቁስሉ መርዟል፣ ዘግይታችኋል አለው። አመሻሹ ላይ አባቴ የቦቢን በድን በራሱ ካፖርት ጠቅልሎ ይዞ ተመለሰ። አሁንም ሲደክመኝ የማየው ያን አካሄዱን ነው፤ ዝናቡ እየወረደበት እንኳ አይፈጥንም።

ከብት በታረደ ጊዜ አባል ሁሉ ሥጋውን የሚቋጥርበት የኮባ ቅጠል ይዞ ይመጣል። ያን ዕለት ማንም አልጠራቸውም። ቦቢ አባል ነውና መጡ፣ ሁሉም ኮባውን ይዞ። አባቴ ጓሮ ጉድጓድ ሲቆፍር አጠገቡ ቆሙ። ዳኛው የራሳቸውን ቅጠል ከታች አነጠፉለት፤ ሌሎቹ ከላይ አለበሱት።

አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ዲጋ ሲኖር አነጋገሬ ያስቃል ብሎ ሰው ፊት ኦሮምኛ አይናገርም ነበር። ዶማውን ተደግፎ፣ "ገለቶማ" አለ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነበር። ማንም አልሳቀበትም።