በጠላቴ እጅ የዳነው ጣቴ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ በመካከላችሁ ቆሜ ልናገር እወዳለሁ። መቆም እንኳ ለእኔ ቀላል ያልነበረበት ጊዜ ነበር። ስሙ ይባረክ!

በጣልያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ ባለ መንደር እንኖር ነበር። ባሌ አርበኛ ሆኖ ዱር እንደገባ ጣልያኖች ገደሉት። ከአማቴና ከሁለት ሴቶች ልጆቼ ጋር ቀረሁ። በዚያው ዓመት የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ቁርጥማት ያዘኝ። መገጣጠሚያው ላይ አጥንት በቅሎ እንደ ጠጠር ጠነከረ፤ ጣቴ አልታጠፍ አለ። እንስራ አዝዬ ከወንዝ ስወጣ በየእርምጃው እጮህ ነበር። ወጌሻ አሸኝ፣ አልተሻለኝም።

ደብረ ማርቆስ አንድ የጣልያን ሐኪም አለ ሲባል ሰማሁ። አማቴ፣ “የልጄን ገዳዮች ደጅ ልትረግጪ ነው?” ብለው አለቀሱ።

“እማማ፣ ልጆቹን በምን እግሬ ላሳድጋቸው?” አልኋቸው። የጎረቤት በቅሎ ተውሼ ሄድሁ።

ሐኪሙ ጣቴን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጎ አየው። የሚያስተረጉምልኝ ከወለጋ የመጣ ረዳቱ ነበር።

“ሊቆርጠው ነው?” አልሁት።

“አይቆረጥም፣ እህቴ። መገጣጠሚያው ገና ደህና ነው ይላል። የበቀለውን አጥንት ብቻ ጠርቦ ያነሳልሻል።”

በመርፌ አደነዘዙኝ። ሲጠርበው ድምፁ ይሰማኛል። ሐኪሙ ሊያጫውተኝ ብሎ፣ “ባልሽ ምን ይሠራል?” ሲል አስጠየቀኝ።

“እናንተ ገደላችሁት” አልሁ።

ረዳቱ ቃሌን ሳይለውጥ ነገረው። ሐኪሙ እጁን አቆመ። “ይቅር በይኝ በላት” አለ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። እሱም አቀርቅሮ ሥራውን በጥንቃቄ ጨረሰ።

ቁስሌ እስኪደርቅ እዚያው ተኛሁ። ረዳቱ ቁስሌን ሊያጥብ ሲመጣ፣ “መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ አንቀሳቅሺው” እያለ ጣቴን ያሳጥፈኝ ነበር። አንድ ቀን፣ “ትጠያቸዋለሽ?” አለኝ።

“አንተስ?” አልሁት።

“የእኔንም ወንድም ገድለዋል። ጥላቻው ሊገድለኝ ደርሶ ነበር። ኢየሱስ ለሰቀሉት ሰዎች እንደ ጸለየ ሳነብ ግን ልቤን ሰጠሁት።”

ወገኖቼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ መስቀል ስሳለም ኖሬአለሁ፤ የተሰቀለው ለእኔ እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። “ጌታ ሆይ፣ እኔንም ይቅር በለኝ” ብዬ አለቀስሁ። ሃሌ ሉያ!

ቁስሌ የተሰፋበት ክር በወጣ ዕለት ሐኪሙን፣ “ይቅር ብዬሃለሁ” አልሁት። ሳይተረጎምለት ገባው መሰለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

አማቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። እናት ናቸውና አልጫናቸውም፤ እጸልይላቸዋለሁ። ብርድ ሲሆን ጣቴ ይጠዘጥዘኛል፤ ዳገቱን ግን እወጣለሁ፣ ልጆቼንም አሳድጌ ድሬአለሁ። ተመስገን፣ ጌታዬ፣ ተመስገን!

ከእናንተ መካከል፣ “ያንን ሰውስ ይቅር ማለት አልችልም” የሚል ካለ፣ እኔም አልቻልሁም ነበር። አለመቻላችሁን እንደያዛችሁ ወደ ኢየሱስ ኑ። እሱ ማንንም ከደጁ አይመልስም።