ጣት የሚያነሱበት ከተማ

ጃሲንታ የገዛችውን ወተት ባንኮኒው ላይ ትታ ከሱቁ ወጣች። ወጣች ለማለት ነው እንጂ ሮጠች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ሞተሩን እንኳ አላስነሳችም። ባሕሩ እንደ ወትሮው ይጮሃል፣ ነጫጮቹ ወፎች አሳ ጥብስ ቤቱ በር ላይ የወደቀ ድንች ይሻማሉ።

ባለሱቋ አሮጊት፣ ዶት፣ ክፉ ነገር አልተናገሯትም። እንዲያውም እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። ነገሩን ያከበደው ሌላ ነው። ባሏ ብሬት ሥራውን፣ ቤቱን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮ ኳስ የተጫወተውን ሰው ሁሉ ጥሎ እዚህ የመጣው እሷ አየሁ ባለችው አንድ ነገር ነው። ያ ነገር ደግሞ አሁን፣ በአንዲት ሊትር ወተት መሀል፣ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ጃሲንታ የስንዴ አገር ልጅ ናት። የተወለደችው ከባሕሩ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኘው ኮንዳ ነው፤ ከተማ ከተባለች ከተማ ናት። አባቷ የስንዴ መኪና ይነዳ ነበር። ገና እግሯ ፍሬን ሳይደርስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ሲያስይዛት፣ ከመንዳቱ በፊት ያስተማራት ሰላምታውን ነው። ከፊትሽ መኪና ሲመጣ እጅሽን ከመሪው ሳትለቂ አመልካች ጣትሽን ቀና አድርጊ። ብታውቂውም ባታውቂውም። "ጣት ማንሳት የከበደው ሰው ጎማሽ ሲፈነዳ አይቆምልሽም" ይላት ነበር።

በዚያ አገር የተጣላ ሰው እንኳ ጣቱን ያነሳል፤ መጀመሪያ ያነሳና ቀጥሎ ይሳደባል። ጃሲንታ አድጋ የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ ስትሆን ጠዋትና ማታ ጣቷ ሲነሳ ሲወድቅ ይውል ነበር። ብሬትንም ያገኘችው በዚሁ ነው። እሱ እህል ጭኖ ወደ ጎተራው ሲሄድ፣ እሷ ልጆች ጭና ስትመለስ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይተላለፋሉ። አንድ ቀን በአንድ ጣት ፋንታ ሁለት አነሳላት። ይሄን ሰውዬ ምን ነካው አለች። ምን እንደነካው የገባት ሲጋቡ ነው።

ልጃቸው ኢንዲ ባትታመም ኖሮ ከኮንዳ የሚነቅላቸው አልነበረም። ኢንዲ አስም አለባት። አጨዳ በመጣ ቁጥር አቧራው ደረቷ ላይ ይቀመጥና በአፏ የምትስበው መድኃኒት ከእጇ አይለይም። ሐኪሟ አንድ ቀን መነጽሯን አውልቃ፣ ብትችሉ ወደ ባሕሩ ጠጋ በሉ አለቻቸው። ብሬት እኔ ባሕር የማውቀው በሰርዲን ቆርቆሮ ነው ብሎ ቀለደ። ቀልዶ ሲያበቃ ግን ለሚስቱ እንዲህ አላት፦

"አጨዳ ላይ ነኝ፣ ሄጄ ማየት አልችልም። አንቺ ምረጪ። አንቺ ያየሽውን እኔ አየሁት።"

ይቺ ቃል ናት ዛሬ መኪና ውስጥ ቁጭ ያደረገቻት።

ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ። ትምህርት ቤቱን እዪ፣ ክሊኒኩን እዪ፣ ነፋሱን እንኳ እዪ ተባለች። እሷ እሺ እሺ አለች፣ በሆዷ ግን ለማንም ያልነገረችው የራሷ መለኪያ ነበራት። ከተማው ውስጥ ገብታ ጣቷን ታነሳለች። ማን እንደሚመልስላት ታያለች። በቃ። ጣት የሚያነሱበት ቦታ ልጅ ያድጋል።

የመጀመሪያው ከተማ መዋኛውም መጫወቻውም ያማረ ነበር። ጣቷን ብታነሳ ብታነሳ የመለሰላት የለም። አንዱ እንዲያውም መብራትህ በርቷል ያለችው መስሎት ቆሞ ፈተሸ። ሁለተኛው የእረፍት ቤት ብቻ የሞላበት ሆነባት፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ። እዚያስ አንድ ጣት ተነስቶላታል፣ ግን የስድቡ፣ የመሀለኛው ጣት ነው፤ ከኋላዋ ላለው ሰው ቀስ ብላ ነድታበት ኖሯል።

ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ፖርት ኤልዊን ስትሄድ መኪናዋ ፈልቶ መንገድ ላይ ቀረ። አውራ ጎዳናው ዳር ጋራዥ ያለው ስታቭ የሚባል ሰው ጎትቶ ወሰደላትና ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሰሞኑን ገዝቶ ከጋራዡ ጀርባ ያቆማትን አሮጌ ፒካፕ አሳያት። ብርቱካንማ ናት፣ አንዱ በሯ ብቻ ሰማያዊ።

"ይቺን ያዢና አገርሽን አይተሽ ነይ" አላት። "ትጮሃለች እንጂ አታስቀርሽም። ብቻ ሳልዘጋ ድረሺ።"

በዚያች ፒካፕ ፖርት ኤልዊን ገባች። የመጀመሪያው መኪና ጣቱን ያነሳው እሷ ሳታነሳ ነው። ሁለተኛውም አነሳ። ውሻ የምትስበው ሴትዮ፣ ጀልባ የሚጎትተው ሰውዬ፣ ፖሊሱ ሳይቀር። ሱቅ በር ላይ የቆሙ አሮጊት በሩቁ ጀምረው ጣታቸውን ቀስረው ጠበቋት። ጃሲንታ እየመለሰች እየመለሰች ዓይኗ እንባ ሞላ። ስታቭ እንዳይዘጋባት ፈርታ ከመኪና እንኳ አልወረደችም፤ ባሕሩ ዳር ደርሳ ዞራ ወጣች። ከጋራዡ ሆና በስልክ ቤት ተከራየች። ለብሬት ደወለችና "አገኘሁት፣ እንደኛ ሰዎች ናቸው" አለችው። እሱ ሌላ አልጠየቀም።

ዕቃቸውን በተጎታች ጭነው በራሳቸው መኪና ሲገቡ ማንም ጣቱን አላነሳም። ደክሟቸው ይሆናል አለች። በማግስቱም የለም። ኢንዲ ከኋላ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጣት ያየ ያሸንፋል የሚል ጨዋታ አወጣች፤ እስካሁን ያሸነፈ የለም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ሰላም ይላሉ፣ የልጅቷን ስም ይጠይቃሉ። መንገድ ላይ ግን እንደ መስታወት አሳልፈዋት ያያሉ። እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል፤ እነ ጃሲንታ የመጀመሪያዋንም ቀን ብረት ነበሩ። ብሬት የሚበላ የባሕር ዛጎል የሚያረቡ ሰዎች ዘንድ ሥራ ጀምሮ፣ እስከ ጉልበቱ በስብሶ በመጣ ቁጥር "ዓይን አፋር ናቸው መሰለኝ" ይላል። እያጽናናት ነው። ጓዛቸው ግማሹ ገና በካርቶን ነው።

ዛሬ ታዲያ ወተት ልትገዛ ገብታ ሳለ ዶት እንደ ልማዳቸው ወሬ ጀመሩ። ክሌም ስለሚባሉ ሽማግሌ ነው የሚያወሩት። ዕድሜ ልካቸውን እዚህ አሳ ያጠምዱ ነበር፣ መጸው ላይ ሞቱ። ቀብረናቸው ገና ሐዘኑ ሳይወጣልን ፒካፓቸው በዋናው መንገድ እየጮኸች መጣች አሉ። ብርቱካንማዋ፣ ባለ ሰማያዊ በሯ።

"ጣቴ ሳላዘው ተነሳ፣ የኔ ቆንጆ። ከዚያ ነው ክሌም መሞታቸው ትዝ ያለኝ። ማታ መጠጥ ቤት ስንገናኝ ለካ ሁሉም አንስቷል። ሙት ሰላም ብለን ገባን ብለን ሳቅን፣ ሳቅንና ደግሞ ዝም አልን።"

ጃሲንታ ወተቱን ትታ የወጣችው ይሄኔ ነው።

ቤቷ ስትደርስ ብሬት ደጅ ላይ ቦት ጫማውን ያጥባል። ሳትቀመጥ ነገረችው። ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሄደና ጫማውን መሬት ላይ አኖረው።

"ስለዚህ ኮንዳን ያስለቀቀችኝ አንዲት ፒካፕ ናት በይኛ።"

"አዎ።"

"እኔ እኮ አንቺ ያየሽውን አየሁ ብዬ ነው የመጣሁት፣ ጃሲ።"

"ያየሁትንማ አይቻለሁ" አለችው። "የኔ አልነበረም እንጂ።"

ብሬት፣ ስታቭ ካልሸጣት ፒካፗን እንግዛት አለ። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ አይደለም። እሷ ግን የሙት ካፖርት ለብሼ የሙትን ሰላምታ አልቀበልም አለች። ይሄኔ ኢንዲ ከጎረቤት ልጆች ጋር አሸዋው ላይ ሽቅብ እየሮጠች እየጮኸች አለፈች። ሁለቱም ወሬያቸውን ትተው ጆሯቸውን አቆሙ። እንደ ልማዳቸው ሳሉን ጠበቁ። ጠበቁ። አልመጣም።

"ሂጂና ለአሮጊቷ ንገሪያቸው" አለ ብሬት ጫማውን እያነሳ። "ወተቱንም ይዘሽ ነይ።"

ተመልሳ ሄደች። ዶት ወተቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑረውላት ነበር። ፒካፗ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ አለቻቸው፣ መኪናዬ ተበላሽቶ ስታቭ አውሶኝ ነው፣ የማን እንደሆነች አላወቅሁም። ዶት አልሳቁም፣ አልተቆጡምም።

"ታዲያ ጣት ስታነሺ የነበርሽው አንቺ ነሻ" አሉ። "እኛ እኮ የተከራከርነው በዚህ ነው። ክሌም ጣታቸውን አንስተው አያውቁም። አንድም ቀን። ፒካፗ ስትመልስልን ነው የደነገጥነው።"

"ካላነሱላችሁ እናንተ ለምን ታነሱላቸው ነበር?"

"ምን እናድርግ፣ ያልፉ ነበራ።"

"እኔም እኮ በየቀኑ አልፋለሁ" አለች ጃሲንታ። ድምጿ እንደ ልጅ ቀጠነባት።

ዶት ወተቱን ወደሷ ገፋ አደረጉላት። "አንቺ ገና ነሽ፣ የኔ ልጅ" አሉ። በክፋት አይደለም። ዝናብ ገና ነው እንደሚባለው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንዲን ትምህርት ቤት ስታደርስ የዶት ነጭ መኪና ከፊት መጣች። አሮጊቷ መሪውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደርሶ ይነዳሉ። ጃሲንታ ጣቷን አነሳች። ሲተላለፉ የዶትም እጅ ከመሪው ትንሽ ተነቃነቀ፣ አንድ ጣት ወደ ላይ ሄደና መነጽራቸውን ነካ። ወይም ሊነካ ሄዶ መሀል ላይ ቀረ። ፀሐዩ ፊት ለፊት ነበር።

"እማ፣ አየሽ?" አለች ኢንዲ ከኋላ። "ይሄ ይቆጠራል?"

"እንጃ፣ ልጄ።"

የቤቱ ውል እስከ ጸደይ ነው። ካርቶኖቹን ይፍቱ ወይ መልሰው ይሰሩ፣ ብሬት አልጠየቃትም፣ እሷም አታውቅም።