ጎማ አጥቋሪው

በር የምጠብቅበት ግቢ ያገለገሉ መኪኖች ይሸጡበታል። ባለ አንድ እግሩ ጎማ አጥቋሪ ጠዋት ይመጣና ክራንቹን አጥሩ ላይ አስደግፎ ጆንያ ላይ ቁጭ ይላል። ጭቃውን በብሩሽ ይፍቃል፣ በሳሙና ያጥባል፣ ሲደርቅለት ስፖንጁን ጥቁር ቅባት ውስጥ እየነከረ ያሻል። ጥርሱ አልቆ ሊሾ የሆነ ጎማ ከእጁ ሲወጣ ሙሽራ ይመስላል። ድሮ ሹፌር ነበር ይባላል። ጎማ የፈነዳበትን ቀን ግን ማንም በሱ ፊት አያነሳም።

ዛሬ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ነጯን መኪና ስትዞራት ቆየችና፣ "ወንድሜ፣ ጎማው ደህና ነው?" አለችው።

ቀና ብሎ ሻጩን አየው። ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔን ስለ ቅባቱ ጠይቂኝ፣ እህቴ።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቁልፏን ተቀብላ ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ማታ ሊሄድ ክራንቹን ሲያነሳ፣ ጫፉ ላይ የታሰረችውን የጎማ ቁራጭ አየኋት። አቧራ ለብሳለች፣ ባንድ በኩል ተበልታለች።

"ይቺንስ ምናለ ትንሽ ብትቀባት?" አልኩት።

"እሷን አልቀባም" አለኝ። "ስታልቅ ማየት አለብኝ። በሷ የምሄደው እኔ ነኝ።"