ኮፍያው ይለካ

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት ነው። ድሮ እዚያ ሰው ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ ይጠጋ ነበር። አሁን ልብሱ ተሰፍቶ ከቻይና ይመጣል፤ ግርግሩም ሳስቷል። ጋሽ ዓብዱላሂ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። መኪናው የአባታቸው፣ ወንበሩ የአባታቸው፣ ዓመሉም የአባታቸው ነው። ጨርቅ ሳይነከር አይቆረጥም ይላሉ። ውሃ ጠጥቶ፣ ተኮማትሮ፣ ደርቆ ልኩን ያልያዘ ጨርቅ ነገ ባለቤቱን ያሳፍራል ብለው ስንቱን ልብስ ሰፊ ተቆጥተዋል።

አንድ ቀን ኤረር በር ሽንኩርት የምትሸጠው ፋጡማ የልጅ ልጇን ነስሮን አዝላ ኮፍያ ልታሰፋ መጣች። ልጁ አሥር ወሩ ነው፤ እናቱ ድሬዳዋ ሥራ ስላላት የምታሳድገው አያቱ ናት። በአምስት ወሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ስላስቸገረው ሐኪሞች ቀደው አክመውታል። ፋጡማ ጠባሳው እንዲሸፈን ፈልጋለች። ጋሽ ዓብዱላሂ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሲያወርዱ ግን ልጁን ወደኋላ ሳበችው።

«ሜትር አታስነካብኝ አቦ። እኔ ሰው ሲለካ ያየሁት ለከፈን ነው።»

ከኋላዋ ልጁ ከታከመበት ሆስፒታል የመጣች ነርስ፣ ሥርጉት፣ ደረሰች። ሁለት ወር ሙሉ ኤረር በር ስትመላለስ፣ ፋጡማ አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ዘመድ ጋ ሄዷል እያለች ልጁን ስትደብቅባት ነበር። ሥርጉት ለጋሽ ዓብዱላሂ ነገሩን አስረዳቻቸው። ሐኪሞቹ ጥናት ይዘዋል። ለአንዳንዱ ልጅ ውሃውን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል፤ እንደ ነስሮ ላለው ደግሞ ያለ ቱቦ እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ለውሃው መንገድ ይከፈትለታል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ የልጆቹ ጭንቅላት በየወሩ ይለካል። ለልጁም ቢሆን ያስፈልገዋል፤ ጭንቅላቱ በፍጥነት ካደገ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ዓይኑን ሊያጣ፣ ሊሞትም ይችላል።

ጋሽ ዓብዱላሂ ሜትራቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ ጣሉ። ትዝ ያለቻቸው ታናሽ እህታቸው ሐሊማ ናት። እሷም እንዲሁ ነበረች። አባታቸው ለብርድ የምትለብሳትን ኮፍያ በየወሩ ፈትተው ሰፋ ያደርጓት ነበር፤ ቤት ውስጥ ስለዚያ የሚናገር አልነበረም፤ መርፌው ብቻ ይሄዳል። አራት ዓመት ሳይሞላት ሄደች። ያኔ ሐኪሙ የት አለና።

«እንግዲህ ልጁ አይለካ» አሉ። «ኮፍያው ይለካ።»

ኋላው ክፍት ሆኖ ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ የሚታሰር ኮፍያ ሰፉ። ነስሮ ሲያጠልቀው ላይኛው ጫፍ ያረፈበት ላይ አንዲት ቀይ ክር ይጠልፋሉ፤ ከልጁ ራስ ከወለቀ በኋላ ሜትሩ በባዶው ኮፍያ ይዞራል። ፋጡማ እያየች ሳቀች፤ ኮፍያማ ያንተ ነው፣ እንደፈለግህ አድርገው አለች። ሐኪሞቹም ሥርጉትን፣ የሴትዮዋ ልብ እስኪራራ ከምንም ይሻላል አሏት። ሦስት ወር ቀዮቹ ክሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

በአራተኛው ወር የኮፍያው ጫፍ ካለፈው ክር ሳይደርስ ሁለት ጣት ያህል ቀረ። ጋሽ ዓብዱላሂ ፈትተው ደግመው አሰሩት፤ ያው ነው። ሥርጉት ሐኪሞቹ ጋ ልትደውል ስልኳን አወጣች።

«አደገ?» አለች ፋጡማ። ነስሮ የጋሽ ዓብዱላሂን ጢም እየጎተተ ይስቃል።

ኮፍያውን ሲያወልቁት ጨርቁ ጣታቸው ላይ ደረቅ አለባቸው። ጠጋ ብለው አሸተቱት፤ ሳሙና።

«አጥበሽዋል እንዴ?»

«ቀቅዬዋለሁ እንጂ! ሐኪም ፊት ቆሽሾ ላምጣው?»

ኮፍያውን ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ለኩት። ሲሰፋ ሃምሳ አራት ሳንቲሜትር ነበር፤ አሁን ሃምሳ አንድ። ጋሽ ዓብዱላሂ ተቀመጡ። ኮፍያውን በሰፉ ሰሞን የዓረፋ ልብስ ተራራ አክሎባቸው ነበር።

«አልነከርኩትም» አሉ ቀስ ብለው። «ስንቱን የተቆጣሁበትን ነገር፣ እኔው አልነከርኩትም።»

ሥርጉት ግን ስልኩን አላስቀመጠችም። የኮፍያው መኮማተር የጭንቅላቱን አለማደግ አይመሰክርም፤ ከእንግዲህ እውነቱን የሚናገር ልጁ ብቻ ነው አለች። ፋጡማ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሜትሩን ብዙ አየችው።

«ይለካ» አለች በመጨረሻ። «ግን ብቻውን አይለካም። ብቻውን የሚለካ ሬሳ ነው። አንተ ቅደም።»

ጋሽ ዓብዱላሂ ኮፍያቸውን አውልቀው ተለኩ፤ ሃምሳ ሰባት። ሥርጉት ሹሩባዋን ገለል አድርጋ ሃምሳ አምስት ሆነች። ፋጡማ ሻሿን ፈታች፤ ሃምሳ አራት ተባለች።

«ይህን ሁሉ ጭንቅላት ይዤ ነው ሽንኩርት የምሸጠው?»

ከዚያ ነስሮ። ሥርጉት ሦስት ጊዜ ደጋግማ ለካችው፤ አርባ ሰባት ተኩል። ባለፈው ወር ኮፍያው የተናገረው አርባ ሰባት ነበር። በዕድሜው ልክ ነው ያደገው አለችና ስልኳን ከተተች። ፋጡማ አልሐምዱሊላህ ብላ የጨርቅ ክምሩ ላይ ቁጭ አለች፤ በሻሿ ጫፍም ፊቷን ጠረገች።

«ለሚቀጥለው ወር ሁላችንም እንለካለን» አለቻቸው ጋሽ ዓብዱላሂን፣ ልጁን እያዘለች። «ያንተ ካደገ፣ አዝዬ ሐኪም ቤት የምወስድህ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ዓብዱላሂ እየሳቁ ለአዲሱ ኮፍያ የሚሆነውን ጨርቅ መረጡ፤ መንከሪያ ገንዳውንም ውሃ ሞሉት።