በአንድ ቤት ሁለት ሕመምተኞች

ካንሰርን መጀመሪያ በእጄ የነካሁት በሌላ ሰው ገላ ላይ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ካለ አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ሰው ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጃ እላቸው ነበር። ልጃቸው ከሚስቱ ጋር ፎቅ ላይ ይኖራል። ሳምንቱን እዚያው አድራለሁ፤ ጁምዓ ጁምዓ ግን ሳሃፋ ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ወደተከራየነው ክፍል እሄዳለሁ። ከወሎ ከመጣሁ ቆይቼ ስለነበር ዐረብኛው አፌን ፈትቶታል።

ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሐጃን ገላ የማጥባቸው እኔ ሆንኩ። በርጩማ ላይ አስቀምጬ ውሃ አፈስላቸዋለሁ፣ ጀርባቸውን አሻለሁ። እሳቸው ደግሞ ስላደጉበት የወንዝ ዳር መንደር ያወሩልኛል። አንድ ቀን ጠዋት ሳሙና የያዘው እጄ ከቀኝ ጡታቸው ሥር ሲደርስ ቆመ። ጠጣር ነገር አለ፤ ላዩ ላይ ያለው ቆዳም ወደ ውስጥ ተስቧል። እጄ ሲቆም ሐጃም ወሬያቸውን አቆሙ።

«ተዪው፣ ያ ቢቲ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ነው።

«ያውቁታል እንዴ?»

«አውቀዋለሁ። ውሃውን አፍስሺው።»

«ለልጅዎስ ነግረውታል?»

«ወንድ ልጅ ነው። ስለ ጡቴ ምን ብዬ ልንገረው?»

እናቴን ይመስሉኝ ጀመር። እሷም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምትለው። ፎጣ አልብሻቸው አልጋቸው ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ፣ «ሐጃ፣ እርስዎ ካልነገሩት ሌላ አጣቢ ይፈልጉ። እኔ ይህን እየነካሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። ለቀናት ውሃ አምጪ፣ በር ዝጊ ከማለት በቀር አላናገሩኝም። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እኔ ሳህን እያነሳሁ፣ ለልጃቸው በአንድ ትንፋሽ ነገሩት። እሱ ተነስቶ ግቢ ወጣና መኪናው ላይ ተደግፎ ፊቱን ሸፈነ። ሲመለስ፣ «ያላ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ብቻ አለ።

የልጃቸው ሚስት አራስ ስለነበረች ሐጃን ይዤ ሆስፒታል የምመላለሰው እኔ ሆንኩ። ግቢው ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች ከዛፎቹ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተራ ይጠብቃሉ። ከዳርፉር የመጣች እናት ልጇን ታቅፋ፣ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ አንገቱን በጨርቅ ጠቅልሎ። የበሽታውን ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። «ያ ክፉው» ነበር የሚሉት። ሐኪሙ ብቻ ሰረጣን ይላል፤ እሱም ቢሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐጃ ጡታቸው በቀዶ ጥገና ወጥቶ መድኃኒቱን በጀመሩ ሰሞን፣ አንድ ጁምዓ ሳሃፋ ገላዬን ስታጠብ እጄ እንደገና ቆመ። በዚህ ጊዜ በራሴ ገላ ላይ ነበር፤ በግራ ጡቴ። ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ጥጥርነቱን እጄ አወቀው። የሐጃን ባልነካ ኖሮ እጢ ነው፣ ብርድ ነው ብዬ በተውኩት። ውሃው እላዬ ላይ ሲፈስ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ከውጭ ልጆቹ፣ «ውጪ እንጂ፣ ውሃው አለቀ» ይሉኛል።

ለማንም ሳልናገር ሪያድ ተመለስኩ። ለሐጃ ግን ነገርኳቸው። ቀሚሴን አስወልቀው እጃቸውን አኖሩበትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ነገ አብረን ነው የምንገባው» አሉ።

በማግስቱ ናሙና ወሰዱልኝ፤ ውጤቱ ደርሶ ሐኪሙ ነገሩን ማስረዳት ሲጀምር፣ ፊቱን ወደ ሐጃ አዙሮ «ልጅቷ» እያለ ነበር የሚናገረው። ሐጃ አቋረጡት። «ለእሷ ንገራት። ገላው የእሷ ነው፤ ዐረብኛም ትሰማለች።» ሐኪሙ አፈረና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ሳይሸሽግ ነገረኝ። ጡቱ ይወጣል፤ ከብብትም የሚወጣ አለ፤ ከዚያ መድኃኒቱና ጨረሩ ይከተላል። «ትድኛለሽ አልልሽም» አለኝ፣ «ግን በጊዜ መጥተሻል።»

የሳሃፋ ክፍላችን ትልቋ ጎንደሬ ነበረች፤ ክርስቲያን ናት፣ እኛ እትዬ እንላታለን። ነገሩን ስነግራት አላለቀሰችም። ልጆቹን ሰብስባ፣ «እሷ ታማለች። ሥራዋን ካጣች የምትታከምበት የላትም። እረፍታችሁን እየሰጣችሁ ተኩላት» አለቻቸው። እንዳለችው ሆነ። በየሳምንቱ አንዷ እኔን ተክታ ሪያድ ትሄዳለች። የሐጃ ምራት መጀመሪያ አልወደደችውም። በየጊዜው አዲስ ፊት ቤቴ ይገባል አለች። ሐጃ ግን፣ «ወለሉ ጸድቷል፣ ልብሱ ታጥቧል። ሌላ ምን ጎደለሽ?» ብለው ዝም አሰኟት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ መድኃኒቱን የምንወስደው እኔና ሐጃ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። አንዱ መድኃኒት እንደ ከርከዴ ሻይ ቀይ ነው። በቀኝ ክንዴ ብቻ ይገባል፤ ግራው ከእንግዲህ መርፌ አይነካውም ተብያለሁ። ማቅለሽለሹ ሲመጣ ሐጃ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ከያዙት ሎሚ ቆርጠው ይሰጡኛል። የምግብ ሽታ ሁሉ አስጠላን። እኔ የምበላው ጨው የነካው ሩዝ ብቻ ሆነ።

ፀጉሬ መርገፍ ሲጀምር እትዬ ሳሃፋ ግቢያችን ውስጥ አስቀምጣ ላጨችኝ። ልጆቹ ከበው ያያሉ። ከሁሉም ታናሿ፣ «ወላሂ ቁርጥ አጎቴን መሰልሽ» አለች። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬም ሳቋ አላስላጭ ብሏት ምላጩን እስክታስቀምጥ ድረስ። ያን ዕለት ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ብቻዬን አለቀስኩ።

ለእናቴ ወባ ነው አልኳት። ደሴ ወርዳ ስልክ ቤት ትጠብቀኝ ነበር። «ድምፅሽ ቀጠነ» አለችኝ። «መስመሩ ነው፣ እማ» አልኳት።

እኔ እየበረታሁ ስመጣ ሐጃ እየደከሙ ሄዱ። በሽታው አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ ግን ስለሱ አናወራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትራሳቸውን ሳስተካክልላቸው፣ «አንቺ ቀድመሽ አገኘሽው፤ እኔ ቀድሜ ደበቅኩት» አሉኝ። እግራቸውን ዘይት ቀባሁላቸው።

ዝናቡ በገባ ሰሞን፣ ወደ አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሞቱ። ቤቱ በዘመድ ሞላ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሻይ ሳፈላ እህታቸው መጥተው ከበሩ ላይ ቆሙ።

«ነይ፣ ከእኛ ጋር እጠቢያት» አሉኝ።

«እኔ ዘመድ አይደለሁም።»

«ገላዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ገባሁ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግራ ክንዴ አብጦ ስለነበር ውሃውን እህታቸው አፈሰሱ፤ እኔ በቀኜ አጠብኩ። ጠባሳቸው ላይ ስደርስ በቀስታ አለፍኩት፤ እንዳያማቸው ብዬ።

ጨረሩን ብቻዬን ጨረስኩ። ልብስ ማጠብ፣ ከባድ ነገር ማንሳት አይሆንም ስለተባልኩ የሪያዱን ሥራ ትቼ ዐማራት ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ሻይና ቁርስ ማዘጋጀት ያዝኩ። የሐጃ ልጅ ነው ያገኘልኝ። ለክትትል ሆስፒታል ስመላለስ ነርሶቹ ለመዱኝና፣ ዐረብኛ ያልገባት ያገሬ ሰው ስትመጣ ይጠሩኝ ጀመር። አለቃዬ ይፈቅድልኛል፤ እሄዳለሁ።

ካገኘኋቸው ውስጥ አንዷ የወሎ ልጅ ናት፤ ካርቱም ከገባች ገና መንፈቅ አልሆናትም። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረች። ሰረጣን የሚለውን ቃል ቀደም ብላ የሆነ ቦታ ሰምታው ኖሯል።

«ያ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ያ ነው።»

«አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ወሰድኳትና ልብሴን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየኋት። ብዙ አየችው። ከዚያ፣ «ያማል?» አለች።

«ያማል። ዝናብ ሲመጣ ክንዴ ያብጣል፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም ጊዜ አለ። ግን እየሠራሁ ነው።»

«ሰዎቹ ያባርሩኛል» አለች። አሠሪዎቿን ማለቷ ነው።

«እኔ አነጋግራቸዋለሁ» አልኳት። «ካባረሩሽም ሳሃፋ ክፍል አለን።»

በርግጥም አባረሯት። እትዬ አልጋዋን ለቀቀችላትና ራሷ ወለል ላይ ተኛች። ልጆቹ እንደገና በየተራ ያዟት። መድኃኒቱን ጨርሳ አገሯ ገባች፤ አንዳንዴ እየደወለች ደህና ነኝ ትለኝ ነበር። ኋላ መደወሏን ተወች። ሞታ ይሁን አግብታ፣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።