ኡሙሰልማና የቅሬው ጆንያ

ኮምቦልቻ፣ በዚያ ሰፈር፣ ኡሙሰልማን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ እንግዳ መሆን አለበት። ከከተማው ፋብሪካዎች በአንዱ ፈትል ክፍል የምትሠራ፣ ሁለት ልጆቿን ያለ አባት ያሳደገች፣ ለሠርጉም ለለቅሶውም ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት። በ1978 ዓ.ም. ግን ሰፈርተኛው ሌላ ስም አወጣላት፤ «ዶክተር»።

በዚያ ዓመት ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተመርጦ ደሴ ላይ የሦስት ቀን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ተሰጠ። ከፈትል ክፍል ኡሙሰልማ ተላከች። አሠልጣኟ ሲስተር ሸዋረጋ የምትባል፣ ቀጠን ያለች፣ ቀልድ የማትወድ ነርስ ነበረች። ጠረጴዛ ላይ የጎማ ሰው አጋድማ፣ ልቡ የቆመ ሰው እንዴት እንደሚረዳ አሳየቻቸው። ደረቱ መሐል፣ አጥንቱ ላይ፣ ክንድ ሳይታጠፍ ዐሥራ አምስት ጊዜ መጫን፤ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ እንደገና ዐሥራ አምስት። ከሠልጣኞቹ ሁሉ የኡሙሰልማ እጅ በለጠ። ሲስተር ሸዋረጋ እንኳ ሳትወድ በግድ አመሰገነቻት።

በመጨረሻው ቀን ግን ለሁሉም እንዲህ አለች፦ «ዛሬ ስለቻላችሁ አትኩራሩ። ካልደጋገማችሁት በስድስት ወር ውስጥ ከእጃችሁ ይጠፋል።»

ማን ሰምቷት! ሰው ምስክር ወረቀት ከተሰጠው በኋላ ምክር ይሰማል እንዴ? ኡሙሰልማ ወረቀቷን ይዛ በቀጥታ ሰኞ ገበያ ወረደች፤ መስታወት አስገባችለት፤ ቤቷ ስትደርስ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማኅተሙን አይቶ ያደንቃል። እሷም በየሳምንቱ መስታወቱን ትወለውላለች። እጇን ግን አንድም ቀን አላለማመደችውም። ጊዜስ ከየት ይምጣ? ሥራው ሦስት ፈረቃ ነው፤ እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ።

ዘጠኝ ወር አለፈ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የግድግዳ ጎረቤቷ ጀማሉዲን የሚያፈስ ጣራውን ሊጠግን ወጣ። የያዘው ቆርቆሮ የመብራት ሽቦ ነካና ሰውዬው ከነቆርቆሮው መሬት ላይ ወደቀ። ሚስቱ መርየም ጮኸች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ «ዶክተርን ጥሩ! ዶክተርን!» እያለ።

ኡሙሰልማ እየሮጠች ደረሰች። ሰዉ ወዲያና ወዲህ ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ተንበረከከች። ደሴ ላይ የሠራችው ቆማ ነበር፤ ጠረጴዛው ወገቧ ድረስ ነበር። አሁን ሰውዬው መሬት ላይ ነው፤ እጇ የት እንደሚያርፍ ጠፋት። ዝቅ ብሎ ሆዱ ላይ አረፈ። አምስት ነው ወይስ ዐሥራ አምስት? አምስት ጊዜ ተጫነች፣ ቆመች፣ እንደገና ተጫነች። አንዱ ውኃ ደፋበት። ትንፋሽ መስጠት እንዳለ ትዝ ሲላት ረፍዶ ነበር። ከሰዉ መሐል አንድ ሽማግሌ ሰው ሲሞት የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ ሰማች፤ እጇንም አነሣች።

በለቅሶው ላይ «ቀደር ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ተባለ። ኡሙሰልማ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ እንደለፋች እየተወራ ተመሰገነች። መርየም ትከሻዋን ስማ «እታለም፣ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» ባለቻት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ወዲያ መርየም እሸት ስታገኝ ለኡሙሰልማ ሳታካፍል አትበላም ነበር። ያ እሸት እንዴት እንዳነቃት የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት።

አርባው እንዳለፈ ደሴ ሄዳ ሲስተር ሸዋረጋን ፈለገቻት። የሠራችውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ነርሷ አልተቆጣችም። የኡሙሰልማን እጅ ይዛ በገዛ ደረቷ ላይ አሳረፈችው። «እዚህ ነው» አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «በትክክል ብትሠሪውም ላይነሣ ይችል ነበር።»

«ሊነሣም ይችል ነበር» አለች ኡሙሰልማ። አውቶቡሱ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ሲወርድ ያንኑ ቃል ለራሷ ደጋገመችው።

ቤት ስትገባ መስታወቱን ከግድግዳው አወረደች። ጆንያ አምጥታ ገለባና ቡትቶ ጠቀጠቀችበት፤ የደረቱን መሐል በከሰል ምልክት አደረገች፤ መሬት ላይ አጋደመችው። በየጁምዓው ተንበርክካ ትጫነዋለች። ሰፈሩ «ዶክተር ከጆንያ ጋር ትታገል ጀመር» ብሎ ሳቀባት። ይሳቅ! እሷ ያሳሰባት ሌላ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሲወድቅ እሷ ፈረቃ ላይ ብትሆንስ?

ስለዚህ በየስብሰባው ሰዉ ሁሉ በጆንያው እንዲለማመድ ለቅሬው ሐሳብ አቀረበች። ቅሬ ማለት ሰፈሩ ሬሳውን የሚያነሣበት፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግድበት ማኅበር ነው፤ በወር አንድ ቀን ይሰበሰባል። ዳኛው ሼህ ሸረፈዲን ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ እኛ ቀባሪዎች ነን» አሏት። «አሁን ደግሞ አስነሺዎች ሁኑ ልትይን ነው?»

«ሼህዬ፣ የሚቀበር ቢቀንስ እርስዎን ይከፋዎታል?»

ሰዉ አውካካ። ሼሁም ሳቁ። «ወላሂ መቃብር ማስቆፈሩስ ሰልችቶኛል። ከዱዓው በኋላ ይሁንልሽ።»

በመጀመሪያው ወር ለልምምዱ የቆዩላት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ወር ሼህ ሸረፈዲን ራሳቸው ከዘራቸውን አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ተንበረከኩ። ኡሙሰልማ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሁለትና ሦስት ወር የቀረ ሰው ሲመለስ ቁጥሩ ይምታታበታል፣ እጁም እየተንሸራተተ ሆድ ላይ ይወርዳል። ያንን ባየች ቁጥር እጁን ይዛ ወደ ከሰሉ ምልክት ትመልሰዋለች።

ልምምዱ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል መርየም መጣች። እስከዚያ ድረስ ጆንያውን ማየት አልሆነላትም ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ ተንበረከከችና ማንም ሳያሳያት እጇን ጆንያው ሆድ ላይ አሳረፈች።

«ከፍ አድርጊው» አለች ኡሙሰልማ።

«አይ፣ እዚህ ነው» አለች መርየም። «አንቺ ጀማሉዲንን የተጫንሽው እዚህ ላይ ነበር። ዓይኔ አይረሳውም። አምስት፣ አምስት እያልሽ።»

ኡሙሰልማ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ መርየም ግን ያንን ስሕተት እንደያዘች ትኖራለች፤ ምናልባትም አንድ ቀን በልጇ ላይ ትሠራዋለች። ኡሙሰልማ ከጎኗ ተንበረከከች።

«ተሳስቼ ነበር፣ መርየም» አለች። «ተምሬው ነበር፤ ሳልደጋግመው ቀርቼ ረሳሁት። ቦታው እዚያ አልነበረም።»

መርየም ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ የመርየም እጅ በዝግታ፣ የከሰሉ ምልክት እስካለበት ድረስ ወደ ላይ ወጣ።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ዐሥራ አምስት።»

መርየም መጫን ጀመረች። እንባዋ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ክንዷ ግን አልታጠፈም። ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ዐሥራ አምስት ስትደርስ ቆመች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ኡሙሰልማ ሳትዞር፣

«በሚመጣው ወርም ጠይቂኝ» አለች። «እንዳልረሳው።»