እንባ ቆጣሪዋ

አዲስ የተቆፈረ ቀይ አፈር ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ሌላው ሰው ያዝን ይሆናል፤ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው የምቆመው። ባለፈው ሳምንት ቀብር ላይ ነበርኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ልጅቷን አየሻት? አንድ ዘለላ እንባ የላትም» አለችኝ። «ምን አገባሽ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ያልኩትን ነው ያለችው።

ነቀምቴ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። አባቴ ከሸዋ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እናቴ ደግሞ በሙሾዋ የታወቀች ናት፤ ከሸዋና ከጎጃም የመጣ ሰው ሐዘን ሲደርስበት መጀመሪያ የሚልከው ወደ እሷ ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ ደረቷን መድቃት ስትጀምር እንኳን ዘመድ፣ አላፊ አግዳሚውም ያነባል። እኛ ቤት የሐዘን ልኩ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ልክ መኖሩንም አላውቅም።

ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛ ነበረችኝ። ቤተሰቦቿ የሚሲዮን ሰዎች ናቸው። እናቷ ደጃፍ ላይ ስታየኝ፣ «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ! ነይ ልጄ!» ብላ ድንች የሚመስለውን የወለጋ ሥራ ሥር፣ የተቀቀለ አንጮቴ በትኩሱ ልጣ፣ ቅቤ አስነክታ ታጎርሰኝ ነበር። ትኩስ አንጮቴ እጅ ያቃጥላል፤ እሷ ግን ምንም አይመስላትም። በዚያው ዓመት ታመመችና አልጋ ያዘች። ጓደኛዬ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየጠፋች፣ ከሰዓት ደወሉ ከተደወለ በኋላ ጣቶቿ የመታሻ ቅባት እየሸተቱ ትመጣለች። አስተማሪው ሲቀጣት እኔም ሰነፈች ብዬ አሰብኩ። ምነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሰኔ ላይ እናቷ ሞተች። ከእናቴ ጋር ጠዋት ሄድን። እናቴ ገና ከአጥሩ ስትገባ ያን የሚያርድ ድምጿን ለቀቀችው። አንድ ሽማግሌ ፈጠን ብለው መጥተው እጇን ያዙ። «ማሎ እትዬ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ። የሄደችው ጌታዋ ዘንድ ነው፤ እኛ እንዘምርላታለን» አሏት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ጥግ ያዘች። በዚያች ከተማ የእናቴን አፍ ያዘጋ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ፊቴ ጋለ።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ሲደርሱ በኦሮምኛ እየተቀባበሉ መዘመር ጀመሩ። ጓደኛዬ የተተኮሰ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ቆማለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ድምጿ ከሁሉም በላይ ይሰማል፣ አንድም ቦታ አልተሰበረም። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ድው ድው ይላል፣ እሷ ትዘምራለች። ሲያበቁ ሰዉን ገፍቼ ሄጄ ፊት ለፊቷ ተገተርኩ።

«እናትሽን አትወጃትም ነበር» አልኳት። «የኔ እናት እንኳ አልቅሳላት፣ አንቺ ትዘፍኛለሽ!»

መዝሙራቸውን ዘፈን ማለት ስድብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያልኩት። አየችኝና ፊቷን ወደ መቃብሩ መለሰች። ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ስትመለስ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

የራሷ ጉዳይ! አልኩ። ለእናቴ ክብር የቆምኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ዳቦ ጋግራ ይዛ፣ አፏን ካዘጓት ሰዎች ጋር እየሄደች ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ስትመለስ ጠራችኝ። ያደረግሁትን ሰምታለች።

«የተከለከልኩት እኔ፣ የተቆጣሽው አንቺ» አለችኝ። «እኔ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንቺስ ጠየቅሽ?»

ጓደኛዬ በምሳ ሰዓት የምትጠፋው እናቷን አልጋ ላይ ለማገላበጥና ጀርባዋን ለማሸት ነበር። መዝሙሩን የመረጠችው ራሷ ሟቿ ናት፤ ተኝታ ሳለች ቃል በቃል አስጠናቻት። «እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪ ዘምሪልኝ» ብላታለች። ልጅቷ ያንን እየፈጸመች ሳለ ነው ጨካኝ ያደረግኋት።

ይህን ስናገር ሰዎች፣ «ታዲያ ተደብቃ ታለቅስ ነበራ?» ይሉኛል፣ ልባቸው እንዲያርፍ። እኔን የሚያሳብደኝ ይሄ ነው። ማልቀስ አለማልቀሷን አላውቅም! ብታለቅስስ ለእናንተ ነው? እንባዋን ካላያችሁ አታምኗትም? እንዲህ ስል በማን ላይ እንደምጮህ አይጠፋኝም።

ይቅርታ ልጠይቃት ስሄድ አክስቷ ቢላ ወደምትባል ከተማ ወስዳታለች። ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር፤ ኩራቴ ያዘኝ፣ ቀረሁ።

እናቴ የሞተችው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሙሾ አውራጇ ራሷ ስለሞተች እንደሷ አድርጎ የሚያወርድላት ጠፋ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ሲደቁ፣ አንዲት ሴት ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከአጥሩ ገባች። ወዲያው አወቅኋት። ማንንም ሳታናግር ነጠላዋን ልክ እንደ እናቴ አደግድጋ መሀል ገባችና ደረቷን ትደቃ ጀመር። አልቻለችበትም፤ እጇ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ቢያዩአት ምን እንደሚሏት ታውቃለች። «ሃዳ ኮ! እናቴ!» ትላለች ጮክ ብላ፣ በእኛ ወግ።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ያን የእናቷን መዝሙር ላነሳላት ፈለግሁ። አፌን ከፈትኩ፤ አንድም ቃል አላውቅም። በእናቷ ቀብር ቀን ዓይኗን ስመረምር ቃሉን አልሰማሁትም ነበር።